ቁልፍ

ሐዋሳ ተመለስኩ።
ሻንጣዬን ከአልጋው ላይ ዘርግቼ ፈታሁት፣
እንደ ሟች ሰው ልብስ ቀስ እያልኩ አየሁት።
እኔ ያጣጠፍኩት እንዲህ አልነበረም፤
ሠላሳ ዓመት ስሰፋ እጄ ጨርቅ አልደፈረም።

ባራሳ ነው ስሜ። ልብስ ሰፊው ባራሳ፣
ሱቄ አቶቴ፣ ከባጃጅ ተራው ጥግ፣ ሐዋሳ።
የእህቴ ልጅ ዱሬቴ ናይሮቢ ልትሞሸር
በጥሪ ወረቀት፣ በማኅተም፣ በክብር
ጠራችኝ። ያለኝን ሁሉ ያዝኩ፦
ፓስፖርት፣ ቢጫ ካርድ፣ የመመለሻ ቲኬት፣
የቀበሌ መታወቂያ፣ ፎቶ ኮፒው በሦስት፣
ደግሞም ሳይጠይቁኝ የንግድ ፈቃዴን።
ሚስቴ ቱንሲሴ ሳቀች፦
«የክትባት ካርድም ጨምር፣ የልጅነትህን!»

ሞያሌ። ፀሐይዋ አናት ትበሳለች።
ሰልፉ ውስጥ አንዲት እናት ልጇን ታጠባለች።
ጠባቂው ፊቴን ትቶ ፎቶዬን አየና
«ለምን መጣህ?» አለኝ።
«ለሠርግ» ስል፣ «ለሠርግ!» ብሎ ጓዱን ጠራና
ሁለቱም ሳቁብኝ።
«ስንት ቀን? ስንት ብር? ማን ጋ ነው የምታድረው?
ሠርገኛ ከሆንክማ እስቲ ዝፈን፣ እንስማው።»

ዘፈንኩለት፣ አዎ።
በሃምሳ ስድስት ዓመቴ፣ በሽበቴ ዘፈንኩ፤
ግጥሙ ጠፋብኝና ላ ላ እያልኩ ጨረስኩ።

ከዚያ ኮቱን አወጣ። የሙሽራውን ኮት፤
አንድ ወር ያደርኩበት፣ ትከሻው እንደ ቤት
ተሠርቶ የቆመ።
ስፌቱን ቢፈታው መርፌ ይመልሰዋል፤
እሱ ግን በምላጭ ገበሩን ሸልቅቆታል፣
ከብብት እስከ ጫፍ።
ጥጥ ወጣ።
ጥጡን አሸተተው።
ሌላ ጥጥ ወጣ።
«እለፍ» አለ። ማኅተሙን መታ።
ይቅርታ እንኳ፣ ቅጹ ላይ፣ አልተተወላትም ቦታ።

እኔ ግን ያን ሁሉ ጊዜ የማየው ሌላ ነው፦
የእጅጌው ቁልፍ በአንድ ክር ተንጠልጥላ
ትወዛወዝ ነበር ምላጩን ተከትላ።
«ና ልትከልልህ» ልለው ዳድቶኝ ነበር፣ እግዜር ያውቃል፤
መርፌዬን ግን አስቀድሞ «ስለት ነው» ብሎ ወስዶታል።

ሠርጉ አማረ። ገበሩን በተውሶ መርፌ ጠቀምኩት፤
ማንም አላየው።
እኔ አየሁት።

ዛሬ ታዲያ፣ ካልሲዬን ሳራግፍ፣
ጠብ አለች ቁልፏ ከወለሉ ጫፍ።
የደፈረሰ አረንጓዴ፣ ባለ አራት ቀዳዳ፣
ሳላስፈቅድ ያሻገርኳት የባዕድ አገር እንግዳ።
በዕድሜዬ ያሳለፍኩት ኮንትሮባንድ እሷ ብቻ ናት።

ወደ መብራቱ አስጠጋሁና ገለበጥኳት።
«ለምን መጣሽ?» አልኳት።
«ስንት ቀን? ማን ጋ ነው? ማን አውቆሽ? ማን ጠርቶ?»
ድምፄን ሰማሁት፣ የሱን ድምፅ አምጥቶ።
ሌላ ሰው ያለ መስሎኝ ዞሬ በሩን አየሁ።
ማንም የለም። አፈርኩ። መዳፌን ጨበጥኩ።

ቱንሲሴ ከጓዳ «ከማን ጋር ታወራለህ?
እጅህ ላይስ ምንድን ነው የያዝከው?» አለችኝ።
«ቁልፍ ነው» አልኳት።
«የምን በር?»
ብላ ጠየቀችኝ።