የመጨረሻው ቅጠል

ጀርባውን በክር ሰፍታ፣ በጋዜጣ ለብዳ፣
«አንብቡት፣ ያስለቅሳል» አለች ሐዊ፣ ያቺ እንግዳ፣
ካምቦ ሰሞኑን የመጣች፣ ከኋላ የምትቀመጥ፣
በእረፍት ሰዓት ብቻዋን ብርቱካን የምትልጥ።

መጽሐፉ ዞረ፤ ናሆም ለአርሴማ፣ አርሴማ ለእኔ፤
በሒሳብ ክፍለ ጊዜ አነበብኩት፣ ዘርግቼ በጭኔ።
አራት ኪሎ ታክሲ ሰልፍ ላይ፣ ካፊያው እየመታኝ፣
ባቡሩ ሊነሣ ሲል፣ እሷም ስትሮጥ፣
ገጹ አለቀብኝ።

ናሆም «ደረሰችበት» ይላል፣ አርሴማ «የት ደርሳ!»
ክርክሩን ይዘን ሄድን፤ ሐዊ ከፈተች ቦርሳ፤
አራት ቅጠል፣ ሳይጨማደድ፣ በጂኦግራፊ ደብተሯ መሃል፤
«ይኼን ካልያዝኩት» አለች፣ «እኔ ጋ ማን ይመጣል?»

ደወሉ ተደወለ፤ ማንም ልብ አላለው፤
ሐዊ ብርቱካኗን ለአራት ከፈለችው።