ላዘምን አላዘምን

ከፍርድ ቤቱ አጥር ጥግ፣ ሁለት በሁለት ቤት፣
«ማመልከቻ ይጻፋል» ብዬ ጽፌበት፣
አንድ ፕሪንተር አለኝ፣ ወረቀት የሚቆርስ፣
አንድ ኮምፒውተር አለኝ፣ የጫኑበት ሊኑክስ።

የጫነው ወንድሜ ነው፣ እንዳላማው፣ በአንድ ሌሊት፤
«ቫይረስ አይደፍረውም» አለኝ፣ «ብቻ አትነካኪበት፤
ከሠራ ይሥራ በቃ።» ብሎኝ መተማ ወረደ፣
ስልኩም ከዚያ ወዲህ «ጥሪ አይቀበልም» ለመደ።

ዛሬ ጧት ከገጹ ራስ ላይ ቢጫ ጽሑፍ ወጣ፦
«አሳሽዎ አርጅቷል። አዲስ ዝማኔ መጣ።»
አርጅቷል ሲል እኔን መስሎኝ
መነጽሬን ጠረግሁ።
ዝማኔ ያለውንም ዝማሬ ብዬ አነበብሁ፤
እሑድ እሑድ ከበዓታ የምሰማው አለና።

ሻምበል ጎላ አግዳሚው ላይ፣ ከዘራቸው ጭናቸው መሀል፣
የጡረታ ቅጻቸው ገጽ ሦስት ላይ ቆሟል።
ክቡ ይዞራል፣ ይዞራል፣
እሺ አይል፣ እምቢ አይል፣
ልክ እንደ መዝገብ ቤት ሹም «ሻይ ጠጥቼ ልምጣ» ይላል።

ያብስራ፣ የማራኪው ተማሪ፣
ሁለት ገጽ ፎቶ ኮፒ ሊያነሳ የመጣ መካሪ፦
«አዘምኚው እንጂ! ያረጀ አሳሽ እኮ ወንፊት ነው፤
ሌባው በር አያንኳኳም፣ በቀዳዳ ነው የሚገባው፤
የሰው ሁሉ ምሥጢር አንቺ ጋ ነው ያለው።»
እውነቱን ነው።
የስንቱ ፍቺ፣ የስንቱ ውርስ፣
የስንቱ የባንክ ቁጥር በዚህ ጣቴ አልፏል።

ሸማኔው ቢተው ግን፣ ከጎን፣ ከጉድጓዱ ሳይወጣ፦
«ድር ስትሉ ሰማሁ፤ የድር ነገርማ የኔ ጣጣ።
ጋቢ ከጀመርኩ ወዲያ መሀሉ ላይ ድር አልቀይርም፤
የተወጠረው እስኪያልቅ ለአዲሱ አንቸኩልም።»

እሱም እውነቱን ነው።
አምና ሰኔ ላይ አዘምኜ
ፊደሌ በሙሉ ሣጥን ሆኖ አደረ፤
ከሳሹ ሣጥን፣ ተከሳሹ ሣጥን፣
ዳኛውም ሣጥን፣
«ክቡር ፍርድ ቤት» ያልኩት ባዶ ሣጥን በሣጥን።
ሦስት ቀን ዘግቼ ዋልኩ፤
ደንበኛዬ ሁሉ ወደ አራዳ ዞረ።

ባላዘምንም ደግሞ በሩ በየተራ ነው የሚዘጋብኝ፦
ጥቅምት ላይ ባንኩ፣ ኅዳር ላይ ገቢዎች፣
አሁን ደግሞ ጡረታ።
የቀረኝ ፓኬጅ መቶ አርባ ሜጋ፣ የሚያልቅ ዛሬ ማታ።

ከግንቡ በኩል ኖራ ሲያቦኩ አይቼ ነበር ጧት፤
አንዱን ድንጋይ ሊያቆሙ ሦስቱን አናግተውት።
ግን ካልነኩትስ? ዝናቡ አይጠብቅ።
እንዲህ እያልኩ ስጨነቅ
ሻምበል ሰዓታቸውን አዩ፤ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

ደብተሬን ገለበጥኩ። የእንዳላማውን ትእዛዝ
ፊደል በፊደል ለቅሜ ጥቁሩ መስኮት ላይ ጣልኩ።
የይለፍ ቃል አለኝ፤
ስጽፍ ኮከብ እንኳን አያሳይ፤
ለነፍስ አባት በጨለማ እንደሚንሾካሾኩት ሰጠሁት።
«መቶ አራት ሜጋ ይወርዳል። ይቀጥል?»
ጣቴ ግዕዝ የለመደ ነው፤
«አዎ» ብዬ ጻፍኩለት።
«ተቋርጧል» አለኝ።

«ምን አለ?» አሉ ሻምበል።
«አዎ አልኩት፤ እምቢ አለች ብሎ ተወው።»
ሳቁ፣ ከዘራቸው እስኪወድቅ።
«እኔ ደግሞ ሲመለምሉኝ አይ ብዬ ነበር፤
ጸሐፊው አዎ ብሎ ጻፈኝ።
ይኸው ጡረታው።»

ዝም አልን። ያብስራም ዝም አለ፤
የቢተው መወርወሪያ ብቻ ወዲያ ወዲህ።
ፊደሉን ወደ ላቲን መለስኩ።
«አሁንስ ምን ልበለው፣ ሻምበል?»
«መጀመሪያ የኔን አውጪልኝ፤
ከዚያ ከወንድምሽ ጋር ተስማሙ።»

ክቡ ድንገት ቆመ። ገጽ አራት፦
የአገልግሎት ዘመን፣ ከ … እስከ …
ጠቋሚው «ዘመን» አጠገብ ብልጭ ድርግም ይላል።
ሻምበል በጣታቸው መቁጠር ጀመሩ።