ማራዘሚያ

ማክሰኞ ነው። ጭጋጉ ከቦርከና ድልድይ ገና አልተነሳ፤
ሁለት ፋይል ይዣለሁ፣ አንዱ ቅጠል፣ አንዱ የሚያጎብጥ ትከሻ።
ቀጭኑ የእንድሪስ አሊጋዝ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ ልብስ የሚሰፋ፤
አርባ ሁለት ሺህ ብር ቀሪ ዕዳ፣ ሦስት ወር ክፍያው የጠፋ።
ወፍራሙ የክር ፋብሪካው ነው፤
ሰንጠረዡ ጠቧቸው ዜሮዎቹ ኅዳጉ ላይ ቆመዋል፣
አለቃዬ ስሙን ሲጠሩ ድምፃቸው ይወርዳል፣
የታመመ ዘመድ ያህል ይጨነቁለታል።

እንድሪስ የሙሽራ ሱሪ ጫፍ ያጥፋል።
«ቁጭ በሉ» አለን፤ ወንበሩ አንድ፣ እኛ ከነፖሊሱ ሦስት።
«ልጁ እሁድ ኒካው ነው፤ ይቺን ስፌት ልጨርስለት።»
ሕጉ ውስጥ የሌለ አሥር ደቂቃ ሰጠሁት።
ሱሪውን በጋዜጣ ጠቀለለ፤ መኪናዋን በእጅጌው ወለወላት፣
ልጁን ትምህርት ቤት እንደሚሸኝ አባት።
እኔም ጎንበስ ብዬ ማራዘሚያውን ከግድግዳው ነቀልኩት፦
ነጭ ገመድ፣ ሦስት ቦታ በፕላስተር የታከመ።
መዝገቡ ላይ ስጽፈው እንድሪስ ፈገግ ብሎ ቆመ፤
«ማራዘሚያ ስለምናችሁ የላችሁም ነበር፤
ጭራሽ የኔኑ ትነቅሉ ጀመር?»

ፖሊሱ ሳቀ። እኔ ብዕሬን ፈለግሁ፤ እጄ ላይ ነበረ።

ከሰዓት በሐረጎ ጠመዝማዛ ወደ ደሴ፤ ጆሮዬ ተደፈነ፣
ጦሳም እስከ ወገቡ በጉም ተሸፈነ።
ሦስተኛ ፎቅ፤ ውሃ በላስቲክ፣ ብስኩት በሳህን።
«ፋብሪካው ከተዘጋ አንድ ሺህ ሁለት መቶ ሠራተኛ ይበተናል።»
እውነት ነው።
«ጥጥ አቅራቢው፣ ጫኝ አውራጁ፣ ቤት አከራዩ አብሮ ይወድቃል።»
ይሄም እውነት ነው።
«መንግሥት ዋስ ይሁን፤ ወለዱ ይሰረዝ፤ አምስት ዓመት ማራዘሚያ።»

ማራዘሚያ። ይህን ቃል ጠዋት የት ነበር የጻፍኩት?

ኮሌጅ ያስተማሩን አቶ ፈንታዬ «የወደቀ ይውደቅ» ይሉ ነበር፣
«ግንዱ ሲገነደስ ነው ችግኙ ፀሐይ አይቶ የሚያምር።»
ያኔ ደብተሬ ላይ ጻፍኩ፣ ከሥሩ አሰመርኩም፤
ጎጆዋን ዛፉ ላይ የሠራች ወፍ ግን በፈተናው አልመጣችም።

ደግሞስ ዛፉን ማን አደረቀው?
ባለቤቱ በደጉ ዘመን ትርፉን ለብቻው ቆጠረ፤
ሲከስር አገር ወዳድ ሆነ፣ ኪሳራውን ለሁላችን መነዘረ።
ከስብሰባው መስኮት ማዶ፣ ፒያሳ ላይ፣ አዲሱ ሕንፃው ያንጸባርቃል፤
መያዣ ዝርዝራችን ውስጥ የለም፤ በሚስቱ ወንድም ስም ተመዝግቧል።

እጅ ይውጣ ተባለ። የኔም ወጣ።
ለመርህ ብዬ አይደለም፤
እህቴ ጦይባ መፍተያው ላይ ናት፣ ሌሊት ፈረቃ፤
ንጋት ላይ ስትገባ የጥጥ ብናኝ ቅንድቧን አሽብቶ
በሃያ ስድስት ዓመቷ እናታችንን ትመስላለች፣
በሩን ተደግፋ እስኪወጣላት ትስላለች።
ነገም ብትጠይቁኝ እጄን አወጣለሁ፤
አውጥቼም አፍራለሁ።

ማታ ኮምቦልቻ ወርጄ ነገርኳት። እልል ትላለች ብዬ ነበር።
«የሁለት ወር ደሞዛችንስ? እሱም ተራዘመ?» ብላ ጫማዋን አሰረች፤
መልሴን ሳትሰማ፣ ሰርቪስ እንዳያመልጣት ወጣች።

ሮብ ማለዳ የእንድሪስን ውል ቃል በቃል አነበብኩት፤
መኪናዋ መያዣ ናት፣ ገመዱ አይደለም። በቀይ ሰረዝኩት፣
ፈረምኩ፣ ማንንም ሳላስፈቅድ ወሰድኩለት።

ጠረጴዛው ላይ የመኪናዋ ቦታ ከአቧራው መሃል ጠርቶ ቀርቷል።
ገመዱን ተቀበለኝ፣ ክርኑ ላይ ዙር በዙር ጠመጠመው፣
ፕላስተሩ የላላበትን በጥርሱ በጥሶ አጠበቀው፤
«አላህ ይስጥህ» አለ፣ «ደግ ሰው ነህ።
እስቲ አሁን ምን እንደምሰካበት ንገረኝ።»