ሦስት ቁጥር

ከጣቢያው ጓሮ ነው፣ የቆርቆሮ ጎጆ፤
ከአጂፕ እስከ ኮቺ፣ ከኮቺ እስከ ግንጆ
ዞራ የደከመች ወደ እኔ ስታነክስ ትመጣለች፣
መንገዱን በዘይቷ እየፈረመች።

በወረቀት አምስት ናቸው።
ሁለቱ ቆመዋል፣ ሣር በቅሎ በጎማቸው፤
አንዷን ዶሮ ወርሳታለች፣ በሹፌሩ ወንበር እንቁላል ታቅፋ፤
አራተኛዋ ለጥገና ሄዳ፣ ይኸው ሁለት ክረምት፣ ደብዛዋ ጠፋ።
አምስተኛዋ አዲስ ናት፤ አዛዡን ይዛ ስብሰባ ትውላለች።
የቀረችው ሦስት ቁጥር፤ ከሳጅን ታጁ የበኩር ልጅ ትበልጣለች፣
ልጁ አሁን ሰኮሩ ላይ ሒሳብ ያስተምራል።

ባሌስትራዋን በሽቦ አስሬያለሁ፣
ሰልባትዮዋን በሳሙና ደፍኛለሁ።
የኋላ በሯን የተሳፈረው ሰው በክንዱ ይይዘዋል፣
አለዚያ መታጠፊያው ላይ ራሱን ያስወርዳል።
ሳይረኗ ዝናብ ከጠጣ እንደ ጥጃ ነው የሚያለቅሰው፤
ሌባ ሲሰማው አይሮጥም፣ ቀሪ ሻዩን ነው የሚጨርሰው።

ዲናሞዋ የሞተው በመስከረም ነበር።
በሦስት ቅጂ፣ በማኅተም፣ «ዲናሞ፣ አንድ፣ በአስቸኳይ» ብዬ ጻፍኩ፤
በጥር መልስ መጣ፦ «በየትኛው በጀት?» ደግሜ ላክኩ፤
በግንቦት መጣ፦ «ቅጹ ተቀይሯል።»
አዲሱን ቅጽ የሚጠይቁበት ሌላ ቅጽ አለ፣ እሱም አልቋል።
እስከዚያ ባትሪዋን ማታ ማታ ከቻርጀር እሰካለሁ፤
መብራት የጠፋ ሌሊት፣ እኔም አብሬያት ጠፍቼ አድራለሁ።

የሐምሌ ሌሊት ነው፣ አዌቱ ሞልቶ ድልድዩን ሲልስ፣
ስልክ ጮኸ፦ «ከጭነት መኪና ዲናሞ ሲፈታ ተይዟል፣ ፖሊስ ይድረስ!»
ዲናሞ።
ሄድን። እኔም አብሬ፤ ያለ እኔ ከግቢ አትወጣም።
ይዘነው ስንመለስ፣ ከድልድዩ ማዶ ጸጥ አለች፤ ቁልፍ ቢያዞሩ አትሰማም።
ሳጅን ታጁ መሪ ላይ፣ እኔና አንድ ኮንስታብል ጭቃው ውስጥ እስከ ቁርጭምጭሚት፤
«ካቴናውን ፍቱልኝ፣ በታሰረ እጅ አይገፋም» አለ ሌባው፤ ድምፁን ሳውቀው ባትሪዬን አበራሁበት።

ኸይሩ።
ዐሥራ ሦስት ቁልፍን ከዐሥራ አራት በጨለማ በጣቱ የሚለይ፣
ሦስት ዓመት ከጎኔ መኪና ሥር የተኛ፣ ደመወዝ ሳያይ።
«በጀት የለም» የሚለውን ደብዳቤ የሰጠሁት እኔ ነኝ።
እሱም ያስታውሳል። ግን ምንም አላለኝ።

ተፈታ። ገፋን፣ ትከሻ ለትከሻ።
«ጋሼ፣ ሁለተኛ ያስገባ በለው፤ አንደኛማ አይሆናትም ለመነሻ!»
ጮኸች። ጥቁር ጭሷን ፊታችን ላይ ተፋች።
መሮጥ ይችል ነበር። ጨለማ ነው፣ ዝናብ ነው፣ ሳጅኑም ጉልበቱን ታሟል፤
እሱ ግን ገብቶ በሩን በክንዱ ያዘና «ቺንጋዋ ላልቷል» ብሏል።

ዲናሞው አሁን መደርደሪያ ላይ ነው፣ ኤግዚቢት፣ ቁጥሩ በክር ታስሮ፤
ሦስት ቁጥር ውጭ ቆማለች፤ በመሀል ያለው አንድ ቆርቆሮ።
ለካሁት። አንዴ ብቻ። ማንም ሳያየኝ።
ብሎኖቹ ሳይቀሩ ልክ ናቸው። እጄን በላኝ።
መለስኩት።
ባለቤቱ ከበደሌ ይደውላል፦ «መኪናዬ ቆማለች፣ ስንት ቀን ልጠብቅ?»
«ቀጠሮው ጥቅምት ነው» እለዋለሁ፤ እሱ ይዘጋል፣ እኔ እጄን በናፍታ ልታጠብ ስጠልቅ፣ ስጠልቅ።

የዚያን ሌሊት መዝገብ እንዲህ ይላል፦
ዘይት፣ ግማሽ ሊትር። አነሣስ፣ በመግፋት።
የገፉ፦ አንድ ፖሊስ፣ አንድ መካኒክ፣ አንድ ተጠርጣሪ።
ሳጅን ታጁ መነጽሩን አውርዶ አየው፤
«የመጨረሻውን ሰርዘው» አለኝ።
በእስክሪብቶ ነው የጻፍኩት።