ሳቅ ወይስ ሳል

እንዳላማው፣ መጀመሪያ ሕዝብህ አሥራ አንድ ሰው ነው፤
ሦስቱ አስተናጋጅ፣ አንዱ መንገደኛ ዝናብ ያስጠጋው፣
አንዱ እኔ፤ ድምፅ ማጉያውን በፕላስተር የጠቀለልኩት፣
ሲጮህ በጥፊ፣ ሲዘጋ በልመና ያስታመምኩት።
ምድር ቤት ነበረ፤ ጣና የሚያልበው ግድግዳ።
ስለ ባጃጅ ቀለድክ፤ ባጃጅ ነጂው ሂሳቡን ከፍሎ ወጣ።
ስለ ሚዜ ቀለድክ፤ ከፍሪጁ በቀር ድምፅ የሚያሰማ ታጣ።
«ጣና ላይ ያለ ካርታ፣ ያለ ሊዝ፣ ያለ እጅ መንሻ
ቦታ የያዘ እምቦጭ ብቻ ነው» አልክ መጨረሻ፤
ያም አለፈ። ሌላ ወሬ ጀምረህ፣ ላብህን ስትጠርግ፣
አንዲት ዓሣ ነጋዴ ከጥግ
ሳቀች፤
ዘግይቶ እንደ ገባ አውቶቡስ፣ ጭነቷን ሁሉ ይዛ ሳቀች።

ክፍያህ አንድ ጥብስ ዓሣ፤ ለሁለት ተካፈልነው።
በዘንባባዎቹ ሥር ስናዘግም «ጥበብ እሾህ አለው»
አልከኝ፤
እሾሁ ጉሮሮህ ላይ እንደቆመ።

ከዚያ የሰርግ ዓመታት። የሙሽራ አጎት ማይክ ሲነጥቅህ፣
«ለመሆኑ የማን ወገን ነህ?» ብሎ ሲጠይቅህ፣
«የወጡ» ስትል።

ከዚያ ፖድካስቱ። ስቱዲዮአችን ሽምብጥ፣ የእህትህ ቁም ሣጥን፤
በካፖርትና በሚዜ ልብስ መሐል ጉልበት ለጉልበት ተጋጥመን።
ከጎረቤት አውራ ዶሮ ጋር የሰዓት ውል ነበረን፤
እሱ አፈረሰ። ከአዘጋጆቹ ተርታ ስሙን ጨመርን።
ኔትወርክ በጠፋ ወራት በፍላሽ ዞርክ፣ ከእጅ ወደ እጅ፤
ያ ሂሳቡን ከፍሎ የወጣው ነጂ እንኳ አንተን ከፍቶ ደጅ ለደጅ።

የእኔ ሥራ መቁረጥ ነው፤
«እእ»ህን፣ ትንፋሽህን፣ ምራቅህን ስትውጥ።
ስድስት ዓመት የቆረጥኩት ዝምታህ ቢገጣጠም
አንድ ዐቢይ ጾም ይወጣዋል፣ ከነሕማማቱ።

አንድ ቀን አባትህን አመጣህ። ጋሽ አይተነው፣
ሠላሳ ሁለት ዓመት ዘጌ ደርሶ መልስ ጀልባ የነዱ፣
ጥርሳቸውን ሰው ያላየው፤
ቁም ሣጥኑ በር ላይ ጫማቸውን አውልቀው ገቡ።

«ቀልዴን ሰምተህ ታውቃለህ፣ አባ?»
«ሰምቻለሁ። ሞተሩ ይጮሃል፤ ግማሹን ነው።»
«ከግማሹስ የቱ ያስቃል?»
«ሞተሩ።»

ከዚያ፣ ሳይቸኩሉ፦
«ሠላሳ ሁለት ዓመት ሰው ሳሻግር ማንም አልሳቀብኝ።
አንተ ማንን፣ የት አሻግረህ ነው? እስቲ አስረዳኝ።»

አራት ደቂቃ። የልብስ መስቀያ ሲወዛወዝ ይሰማል።
አንተ፣ ለለቅሶ ቤት እንኳ ቀልድ የማታጣው፣
አፍህ እንደተከፈተ ቀርቷል።
ያንን አልቆረጥኩም።

በሳምንቱ ከአንድ የማታ ዘበኛ መልእክት መጣ፦
«ሌሊቱን የሚያሻግረኝ ልጅዎ ነው በሏቸው።»
ወደቡ ድረስ ሮጥክ፤ ተከተልኩህ። ገመድ ሲያስሩ አነበብክላቸው።
ቀና አላሉም።
«ስንት አስከፈልከው?» አሉ።

መቅረጫው ኪሴ ውስጥ አልጠፋም ነበር።
ሞገድ አለ፣ ገመድ አለ፣ የአንድ ፔሊካን ክንፍ አለ፣
ከዚያ ከጋሽ አይተነው ደረት አንዲት አጭር ነገር።
አንተ ሳቅ ነው ትላለህ። እኔ፣ ሳል።
በአንድ ፊደል ተጣልተን ይኸው ሦስተኛ ክረምታችን።

አዳራሽ ሞልቶ፣ ሰው ቆሞ ባጨበጨበልህ ማታ እንኳ
እኩለ ሌሊት ትደውላለህ፦ «እስቲ ድገመው።»
እደግመዋለሁ። ሞገድ፣ ገመድ፣ ክንፍ።
«ሰማህ?» ትለኛለህ።
«ጉንፋን ይዟቸው ነበር» እልሃለሁ።