ባዳ ጥርስ

ግራዝ ላይ ይዘንባል፤ ሙር ወንዝ ደፍርሷል፤
በቤተ ሙከራው አንድ መንጋጋ በርቷል።
ከንፈርም የለበት፣ ምላስም የለው፣
በጥቁር ስክሪን ላይ ዞር ዞር የማደርገው።

የኤርቪን ነው መንጋጋው፤ ሠላሳ አንድ ዓመት
ትራም የነዳበት፣
በሰባት ቁጥር መስመር፣ በውርጭ በበረዶ፣
ደወሉን እየመታ፣ ጥርሱን ነክሶ፣ ማልዶ።
አሁን በታች በግራ ሁለት ጥርስ ጎድለውበት
ሐኪሟ ምስሉን ላከች፣ “ሳልበሳው አስሊልኝ” የሚል ጽፋበት።

አጥንቱን ሸነሸንኩት፤
አራት መቶ ሺህ ቅንጣት፣ ሁሉም ባለ አራት ፊት፣
በጥግ በጥጋቸው ተያይዘው ቆሙ፤
አንዱን ሲገፉት፣ ጎረቤቱ ጋ ይሰማል ሕመሙ።
ሃምሳ ሎሚ ለአንዱ ሸክሙ፣ ለሃምሳው ጌጡ ነው ያለ ሰው
መሐንዲስ ነበረ፤ ስሙን ብቻ ነው ያጣነው።

ከዚያ አንድ ብሎን መጣ፤ ቲታንየም፣ አሥር ሚሊ ሜትር ቁመት፣
ጥርስ ሊተካ መጥቶ፣ ዙሪያውን ጥርስ ያለበት።

ስሌት ሲጀመር በቅጥፈት ነው፤ እኔም እንደ ደንቡ ዋሸሁ፦
“አጥንቱ አንድ ወጥ ነው” አልኩ፣ ቀዳዳውን እያየሁ፤
“ብረቱና አጥንቱ ፍጹም ተጣብቀዋል” አልኩ፤
በሁለቱ ቅጥፈት ላይ መቶ ሃምሳ ኒውተን ጫንኩ።
ቀጥ አድርጌ አይደለም፤ ሰው ቀጥ አድርጎ አያኝክም፤
ጋደል አድርጌ ነው፣ ከጎን እንደሚመጣ ሸክም።

ኮምፒውተሩ አጉረመረመ። ሻዬ ቀዘቀዘ።
ውጭ፣ ሰባት ቁጥር ትራም ሽቅብ እየጮኸ ተጓዘ።

ከዚያ ቀለም ፈሰሰ፦ ሰማያዊ ከሥሩ፣
አረንጓዴ ከወገቡ፣ ቢጫ ከዳር ከዳሩ፤
አንገቱ ላይ ግን፣ ብሎኑ ከአጥንት ብቅ በሚልበት፣
ቀይ ቀለበት።

ቀዩን ጠላሁት። ብሎኑን አቃናሁ፣ አሳጠርኩ፣
ግማሽ ሚሊ አወፈርኩት፤ እንደገና ጫንኩ።
ቀዩ ብርቱካን ሆነ። ደስ አለኝ። መብራት አጥፍቼ ወጣሁ።

በማግስቱ ኤርቪን መጣ፣ ኮፍያውን በእጁ ይዞ፤
የገዛ መንጋጋውን አየው፣ ስክሪኑ ላይ ፈዞ።
“ይህ ብርቱካኑ ምንድን ነው?”
“ሸክም የበዛበት።”
“ሰማያዊውስ?” አለ።
“ሸክም የጠፋበት፤
እሱም አይበጅም” አልኩት፤ “አጥንት ሥራ ሲፈታ
ይሟሟል ጥቂት በጥቂት፣ እንደቆመ እዚያው ቦታ።”
ዝም አለ። ጣቱን አነሣ። ሰማያዊውን ነካው።
“ሄርሚና ከሞተች ወዲህ” አለ፣ “እኔ የምኖረው እዚህ ነው።”
ከዚያም እንደ ዘበት፦ “ቀን ደህና ነኝ፤ ሌሊት አፋጫለሁ፤
በገዛ ጥርሴ ድምፅ ከእንቅልፌ እነቃለሁ።”

ሌሊቱን አላሰላሁትም ነበር።
በየትኛውም ሰንጠረዥ፣ በየትኛውም መስመር
የአንድ ሰው ሌሊት ስንት ኒውተን እንደሆነ አይታወቅም፤
ሰባት መቶ ብዬ ጻፍኩ፤ ይነስ ይብዛ አላውቅም።
ቀዩም ተመለሰ፤
የትናንት ደስታዬን ከነብርቱካኑ አፈረሰ።
አንዱን ብሎን ሁለት አደረግሁት፤
ሎሚውን አካፈልኩት።

“ጥርስ ባዳ ነው” ይላል ያገሬ ሰው፤ ሆድ ሲያርር
እሱ ይስቃልና፣ ለባለቤቱ ሳያፍር።
ይህኛው ግን የእውነት ባዳ ነው፤ ከፋብሪካ የመጣ፤
አጥንት ውስጥ ሦስት ወር ይቀመጣል፣ ሳይናገር ሳይቆጣ፤
ከዚያ አጥንቱ ራሱ ዙሪያውን ያቅፈዋል።
(እኔን የመኖሪያ ፈቃድ ቢሮው አራት ዓመት አቆይቶኛል።)

በኅዳር መጣ ኤርቪን፤ በወረቀት ከረጢት
የዱባ ፍሬ ይዞ፣ ቁልት ያለ፣ ጨው የነካው ጥቂት።
በግራ በኩል አድርጎ፣ ዓይን ዓይኔን እያየ፣
ቀጭ።
ጥርሱም ፊቱም አብረው ሳቁ፤ ባዳው ከዘመድ አልተለየ።
“ስንት ኒውተን ነው?” አለኝ።
“ሠላሳ አንድ” አልኩት። አልለካሁም። እንደ ደንቡ ዋሸሁ፤
መዳፌን ዘረጋሁ።