የምች ትርጉም

ሐዴራ፣ ኩፓት ሖሊም፣ ሁለተኛው ፎቅ፣ ሰባት ቁጥር ክፍል፤
ሥራዬ ቃል ማሻገር ነው፣ ከአፍ ተቀብዬ ለጆሮ ማካፈል።
ሊውድሚላ ትጠይቃለች፤
አባ ይስማው ይመልሳሉ፤
ሁለቱም በኔ ላይ ያልፋሉ፣
እንደ ዝግባ ግንድ፣ እንደ ወንዝ ድልድይ፤
ድልድይን ማን ጠይቆት ያውቃል፣ «አመመህ ወይ?»

«ምን ነካዎት?» አልኳቸው።
«ምች» አሉ። ከንፈራቸው
ውኃ ቋጥሯል በጠርዙ፣ ትኩሳት አለ በዓይናቸው።
«ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ ወጡን የማማስል እኔ፤
እሑድ ሽታው ሳይለቀኝ፣ ላቡ ሳይደርቅ ከጎኔ
አውቶቡስ ልይዝ ወጣሁ። ፀሐይቱ መታችኝ።»
ዶክተሯ ጣቶቿን ከቁልፎቹ አንስታ ጠበቀችኝ።

ምች በዕብራይስጥ ምን ይባላል?
«የፀሐይ ምት» ብል፣ የወጡ ሽታ ውጭ ይቀራል፤
«ቫይረስ» ብል፣ ቫይረስ ዳማከሴ ሲሸተው መቼ ይደነግጣል?
«ጉንፋን» ብል ውሸት ነው፤ ንፍጥ የላቸውም።
ሰባት ዓመት ስተረጉም ይህን ቃል አንድ ቀን አላሻገርኩትም፤
ሁልጊዜ ወንዙ መሐል ይወድቃል።

«ምን ወሰዱ?»
«ዳማከሴ። በመዳፌ አሽቼ፣
ግማሹን በአፍንጫዬ ስቤ፣ ግማሹን በሻይ ጠጥቼ።»
«ከየት አመጡት?» «ከሰገነቴ።»

አውቀዋለሁ ያን ሰገነት፣ አራተኛ ፎቅ፣
የወይራ ጣሳ፣ የእርጎ ባልዲ፣ የተሰነጠቀ ሳፋ፣
ከጃናሞራ በነጠላ ጫፍ ተቋጥሮ መጥቶ እዚህ የሰፋ፤
ጭቁኝ በአንዱ፣ በአንዱ ግራዋ፣ ሐምሌ ሲገባ የሚጠወልግ።
ጤና አዳምን ግን ማንም ወረቀት አልጠየቃት።
ጎረቤታቸው ማዳም ፎርቱና፣ ከመራኬሽ የመጣች፣
በግንቡ ላይ አንገቷን አውጥታ «ፊጀል!» ብላ ጮኸች፤
ቅንጥብ ወስዳ ከልጅ ልጇ ትራስ ሥር ሸጎጠች።
ዕብራይስጡ «ፔጋም» ይላታል፤ ድምጿ ትንሽ ቢዛነፍ «ጉድለት» ናት፤
ለኛ የአዳም ጤና፣ እዚህ የጉድለት ጎረቤት።

አባ ይስማው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፦
«ልጄ፣ ይህችን አታሻግሪያት።
የደም ማቅጠኛውን ክኒን ለሁለት ነው የምሰብራት።
ጠዋት ጠዋት ነጭ ሽንኩርት፣ አምስት ፍሬ በማር፤
ድዴ ይደማል፤ ግን ደረጃው ቀለለኝ፣ ይመስገን እግዜር።»

ዝም አልኩ።
ከዚያ ተናገርኩ፣ አንድም ሳላስቀር፣
ሽንኩርቱን፣ ድዱን፣ ግማሽ ክኒኑን።
ዕብራይስጥ አያውቁም፤ ግን እንደ ስማቸው ሰሙኝ፤
መስኮት መስኮቱን እያዩ ፊት ነሱኝ።

ሊውድሚላ አልተቆጣችም። «ክኒኑን ሙሉውን ይዋጡ፤
ሽንኩርቱ ደምዎን ውኃ እንዳያደርገው፣ ትንሽ ብቻ ይግባ ከወጡ።
ዳማከሴውን ግን» አለች፣ «እስቲ ላሽትተው?»
ከኪሳቸው የጠወለገ ዘለላ አወጡ፤ ዓይናቸው ገና መስኮቱ ላይ ነው።
አሸተተች። ዝም አለች። ወንበሯን ገፋች።
«ልጅ ሆኜ ሳል ሲይዘኝ አክስቴ ጀርባዬን ታራቁታለች፤
ብርጭቆ በእሳት አሙቃ ትለጥፍብኛለች።
ባንኪ ነበር ስሙ።»
አፌ ቀደመኝ፦ «ዋግምት!»
በዚያ ቀን አንድ ቃል ብቻ ጫማው ሳይረጥብ ተሻገረ።
አባ ይስማው ዞር አሉ። «ዋግምት? ቀንዱ የምን ነበረ?»
«በብርጭቆ ነው አለች።»
«ምነው፣ በአገሯ በሬ የለም?»
ሳቁ። ድዳቸው ላይ ደም።

አውቶቡስ ማቆሚያው አጠገብ፣ ድሮ ረግረግ ሊያደርቁበት
የተከሉት ባሕር ዛፍ ሥር ቆመው አገኘኋቸው።
ቅጠሉን ቀንጥሰው አሹት፦
«ይህን ሁሉ ዛፍ ይዘው፣ ለጉንፋን ፋርማሲ ይሰለፋሉ?»
ይቅርታ አልጠየቅሁም። አልጠየቁኝም።
የቀረችውን ዳማከሴ ሰጡኝ፦ «ያዢ፣ ለምላስሽ።»
መድኃኒት ይሁን ስድብ እስካሁን አልለየሁም።

«እስቲ አንብቢልኝ» አሉ፣ የታጠፈውን ወረቀት።
የበሽታው ስም ከሚጻፍበት
ሊውድሚላ ቃላችንን እንዳለ አስፍራለች፣ በዕብራይስጥ ፊደል፤
ጭረቷን ግን ረስታለች፣ ያችን ቅንጣት፣ ጸዴን ጨ የምታደርገዋን፤
ያለ ጭረቷ ቃሉ «ጭማቂ» ተብሎ ይነበባል።
እናም መዝገቡ እንዲህ ይላል፦
ይስማው፣ ሰማንያ አንድ ዓመት፣ ጭማቂ መታው።

«ልክ ነው የጻፈችው?»
ቅጠሏን አሸኋት፤ አረንጓዴው በጣቶቼ መሐል ወረደ።
«ልክ ነው» አልኳቸው።